አባባ በመልክ በመልኩ ያስቀመጠው ከሰል

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አጎቴ፦

ይህች ደብዳቤ ከእጅዎ ስትገባ ጤናዎ ሙሉ፣ ቤትዎ ሙቅ፣ ልብዎ ሰፊ ሆኖ ታግኝዎት። እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን፤ ጣሪያውም አለ፣ ግድግዳውም አለ፣ ጠባያችንም እንደነበረ አለ።

እስከዚህ ድረስ ያጻፈኝ አባባ ነው። “ለአጎትሽ እንደ ሰው ጻፊለት” ብሎ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ነበር። አሁን የመጋዘኑ በር መቆለፉን ሊያረጋግጥ ወጥቷል። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ግምጃ ቤት የጠበቀ ሰው አንድ በር ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይቆልፋል፣ ይጎትታል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይጎትታል። ስለዚህ ጊዜ አለን። ከዚህ በኋላ “አንተ” ነህ።

ካላስታወስከኝ የእህትህ ልጅ ነኝ። ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አስራ ስድስት ሞልቶኛል። “ምላጭ” ብለህ ያወጣህልኝ ስም እስካሁን አልለቀቀኝም። እማዬ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ስለሆነች በወር አንድ ጊዜ ነው የምትመጣው። ቤት ያለነው አያቴ አባባና እኔ ነን። እሱ “ልጅቷን እየጠበቅሁ ነው” ይላል፤ እኔ “ሽማግሌውን እየጠበቅሁ ነው” እላለሁ፤ ሁለታችንም ልክ ነን።

ለምን አትደውይም እንዳትለኝ። አንተና አባባ ስልክ ላይ የምትባባሉትን አዳምጬ አውቃለሁ። “ደህና ነህ?” “ደህና ነኝ።” “ሥራስ?” “ደህና ነው።” ከዚያ ሁለታችሁም ስትተነፍሱ ይሰማል። ከዚያ “በል እንግዲህ።” ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ላይ ዝም ማለት ያሳፍራል።

ወሬው ይኼ ነው፦ ሰፈራችን ከሰል ላይ ተቀምጧል ተባለ። ክረምቱ እንደወጣ አንድ የቁፋሮ መኪና ከቤታችን በላይ ጉብታው ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ከጉድጓዱ እንደ ሻማ ድቡልቡል ያለ ረጅም ድንጋይ ይወጣል፤ እነሱ “ኮር” ይሉታል። እየተቆራረጠ ባለ መስመር የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ሳጥኖቹ የሚቀመጡት ደግሞ እኛ መጋዘን ነው፤ በሰፈሩ ደረቅ፣ ሰፊና መቆለፊያ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነዋ! አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

የልማት ኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ የወጣው ርዕሰ መምህር ነው። መብራት ቢጠፋም ስለሚሰማ “ማይክራፎን” እንለዋለን። የኃይል ማመንጫ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲድ እያለ በየቤቱ ይዞራል። የባቡር ጣቢያውን ቦታ ራሱ መርጧል። የእኛ መጸዳጃ ቤት ያለበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት በር ላይ ቆመህ፣ ሻንጣህን ይዘህ፣ አባባን “እኔ የተማርኩት የከሰል ትምህርት ነው፤ እዚህ ከሰል ከተገኘ በማግስቱ እመለሳለሁ” ብለኸው ነበር አሉ። እኔ እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት። እሱ ግን እንደ ውል ነው የያዘው። መኪናዋ ማጓራት የጀመረች ቀን ክፍልህን ከፍቶ ቀለም መቀባት ጀመረ። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ የሆስፒታል ኮሪደር ዓይነት። አልጋህ ላይ አንሶላ ዘርግቷል። ማታ ማታ እራት ሲበላ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፦ ትመጣለህ?

አባባ ተመለሰ። ለጤናዎ ይጠንቀቁ፣ ከብርድ ይከልሉ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 19

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለምላጭ፦

ዕድሜና ብልሃት ይስጥሽ፤ ብልሃቱስ ከዕድሜው ቀድሞ የደረሰሽ ይመስላል። እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ከሰሉ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። ለሰፈሩ ሰው እንድታስረጂልኝ አንዳንድ ነገር ልንገርሽ። ከሰል ማለት ሳይበሰብስ የቀረ ደን ነው። ረግረግ ውስጥ የወደቀ ዛፍና ቅጠል አየር ያጣል፤ ጭቃና አሸዋ ይጫነዋል፤ በሚሊዮን ዓመታት ተጨምቆ ይጠቁራል። ረግረጉ ሲደርቅ ንጣፉ ይቋረጣል፣ ጎርፍ ሲመጣ ጭቃ ይገባበታል፣ እንደገና ደን ሲበቅል እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ “ከሰል አለ” የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ንጣፉ ስንት ይወፍራል? ምን ያህል ጥልቅ ነው? ሲነድ ምን ያህል አመድና ድኝ ይኖረዋል? ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ይሄዳል ወይስ መሀል ላይ ይጠፋል? ሐዲድ የሚዘረጋው ይኼ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። አንድ ጉድጓድ አንድ ምስክር ነው፤ በአንድ ምስክር ደግሞ ፍርድ አይሰጥም።

እኔም የምውለው ከኮር ጋር ነው። ከከተማ ውጭ ትልቅ መጋዘን አለ፤ አርባ ሺህ ሳጥን ይሆናል። የማዕድን ማውጫው ስለተዘጋ ሥራዬ የትኛው ሳጥን እንደሚጣልና የትኛው እንደሚቀር መወሰን ነው። ሰው የማየው ሐሙስ ሐሙስ የሚጣለውን የሚወስደው መኪና ሲመጣ ነው። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። ሬዲዮ አለኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 5

ለአጎቴ፣ ለረግረጉ ሊቅ፦

ደብዳቤህ ደህና ገባች፤ አንተም ደህና ግባ፣ ደህና ውጣ። ብትችል ደግሞ ደህና ና።

ስለ ረግረግ አንድ ሙሉ ገጽ፣ ስለ መምጣትህ አንድም መስመር የለም። እንደ እናንተ ልመዝግበው ብል “ከላይ እስከ ታች ግራጫ፣ መልስ አልታየም” እላለሁ።

ውጤቱ ወጣ። አራት ሜትር ከሃያ! ጥርት ያለ፣ ያልተቋረጠ ከሰል፣ በስልሳ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ። ማይክራፎን ዜናውን ሊነግረን ሲመጣ ደስታው አላናግር ብሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ዝም አለ። ታሪክ ነው። ከዚያ አባባን አቀፈውና፣

“ጋሼ፣ በእርስዎ መጋዘን ውስጥ ነው እኮ የተገኘው!” አለው።

“መሬት ውስጥ ነው የተገኘው፣” አለ አባባ።

“መሬት ምን ታውቃለች? መዝግቦ የያዘው የእርስዎ መጋዘን ነው!”

አባባ ግን እንዳሰብኩት አልሳቀም። ጫማውን ነው ያየው። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ድንጋዩን የለካው አዲስ የመጣ መዝጋቢ ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት። የፊተኛው ታሞ ሄዶ ሁለት ሳምንት ማንም አልነበረም። እነዚያን ሁለት ሳምንታት አባባ ከመጋዘኑ አልወጣም። መጥረጊያ ይዞ ይገባል፣ ለምሳ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። “ምን ትሠራለህ?” ስለው “ሥርዓት አስይዛለሁ” ይለኛል። ሽማግሌ ሥራ ሲያገኝ አይነካም ብዬ ተውኩት።

የመዝገቡን ወረቀት ከኮሚቴው ግድግዳ ላይ ገልብጬ ልኬልሃለሁ። የካቲት 23 እሑድ ስብሰባ አለ። ጉብታው ላይ ያለነው አርባ ሦስት ቤቶች ለማዕድኑ ቦታ ለመልቀቅ እንፈርማለን። መጀመሪያ የሚፈርመው አባባ ነው፤ ማይክራፎን እስክሪብቶውን ሳይቀር መርጦለታል። አባባ የተወለደበትን ቤት ይለቅ እንደሆነ ስጠይቀው “ልጄ መጥቶ የሚገባበት ቤት ሌላም ይሠራል” አለኝ። ለቁፋሮው ኃላፊ ደግሞ ሄዶ “የከሰል ባለሙያ ልጅ አለኝ፤ ቦታ ያዙለት” ብሏል። ሰውዬው “እሺ አባቴ” አለው። እንዲህ ዓይነት “እሺ” ምን ማለት እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን። እሱ ግን አያውቅም።

እንደገና እጠይቃለሁ፤ አሁን ከሰሉ ተገኝቷል። ትመጣለህ?

ምላጭ


ጥር 27

ለምላጭ፦

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ወረቀትሽን ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌ ስመለከተው ከረምሁ፤ ለመጻፍ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ይኼን ቀስ ብለሽ አንብቢ። እንደ መዝገቡ ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ አንዲት ጥቁር መስመር የለውም። ከዚያ ከሰሉ ሁሉ በአንድ ቦታ። ከዚያ ቢጫው የአሸዋ ድንጋይ ብቻውን። መጨረሻ ላይ የተሰባበረው ሁሉ አንድ ላይ። ምላጭ፣ መሬት እንዲህ አታስቀምጥም። መሬት ዝርክርክ ናት። ግራጫው ውስጥ ጥቁር ትከታለች፣ ጥቁሩን በጭቃ ትቆርጣለች፣ የተሰባበረውን በየቦታው ትበትናለች።

አራት መቶ የሚያህል የጉድጓድ መዝገብ አንብቤአለሁ። አባቴን ያገኘሁበት ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ልጅ ሆኜ እርሳሶቼን በቁመት ይደረድሩልኝ ነበር። ካልሲዎቼን በቀለም። አንድ ጊዜ የሰበሰብኳቸውን ድንጋዮች ከመስኮቱ ሥር በትኜ ትቼ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ነጩ ከነጭ ተቀምጦ አገኘሁት። ከየትኛው ወንዝ የትኛውን እንዳመጣሁ ከዚያ በኋላ አላወቅሁም። አላለቀስኩም፤ ደስ ብሏቸው ስለነበር።

የኮር ሳጥን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መጽሐፍ ነው የሚነበበው። በየመሀሉ ጥልቀቱ የተጻፈባቸው ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች አሉ። ቦታቸው ከተነሣ መጽሐፉ የለም። የቁፋሮ ሠራተኛው የዕለት ደብተር ይኖረዋል። መሰርሰሪያው ከሰል ሲያገኝ ከጉድጓዱ የሚመለሰው ውሃ ይጠቁራል፤ ጥሩ ሠራተኛ ይኼን በየጥልቀቱ ይጽፋል። ውሃው ስንት ጊዜ እንደጠቆረ ጠይቂው። አንዴ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ። ብዙ ጊዜ ከሆነ ግን ያ አራት ሜትር የቀጫጭን ንጣፎች ድምር ነው። እንዲያ ያለውን ከሰል ለማውጣት ለአንድ እጅ ከሰል ሃያ እጅ ድንጋይ ማንሳት ይጠይቃል። ለጥቂት የጡብ ምድጃዎች ይበቃ ይሆናል። ኃይል ማመንጫ አይሠራበትም፤ አርባ ሦስት ቤት ደግሞ በፍጹም አይፈርስበትም።

አባባን እንዳታስደነግጪ። በዘዴ አድርጊው።

እንግዲህ ከሰሉ እንዲህ ከሆነ የእኔም ነገር ያው እንደነበረው ይሆናል ማለት ነው።

አጎትሽ


የካቲት 12

ለአጎቴ፦

እንደምን አለህ? እኛ አለን። ዛሬ ምርቃት አልመጣልኝም፤ ያለፈውን ደብዳቤ ምርቃት ቆጥረህ ያዝልኝ።

የቁፋሮ ሠራተኛው ጥሩ ሠራተኛ ነው። ዘይት በነካው ደብተሩ ላይ “ጥቁር ውሃ” ብሎ በሰባራ ጽሑፍ የጻፈው ስምንት ጊዜ ነው። ስምንት! ትልቁ አንድ ሜትር አይሞላም። “ታዲያ መዝጋቢው አላየውም?” ስለው “እሱ ድንጋይ ነው የሚያየው፤ የእኔን ደብተር ማን ያነበዋል” አለኝ። እንደተከፋ ያስታውቃል። አምስት ወር ሙሉ ሲጽፍ አንድ ሰው አልጠየቀውም።

ከዚያ መጋዘን ገባሁ። አባባ ሳጥኖቹን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። በዘዴ አድርጊው አልከኝ፤ እኔ ደግሞ ዘዴ የለኝም።

“አባባ፣ ድንጋዮቹን አዘዋውረሃል?”

“አዘዋውሬ? አስተካክያለሁ!” አለ። ደስ ብሎት አሳየኝ። “ሲመጣ እንዴት እንደነበር ብታይ ታፍሪ ነበር። ጥቁሩ እዚህ፣ ግራጫው እዚያ፣ ሰባራው ከደህናው ተደባልቆ! በመልክ በመልኩ አደረግሁት።”

“እንጨቶቹስ? ቁጥር የተጻፈባቸው?”

“በእኩል ርቀት መለስኳቸው።”

እኩል ርቀት! አጎቴ፣ ልስቅ ነበር። ግን ያን ጊዜ ጨርቁን አስቀመጠና በሩን ዘጋው።

“መቼ አወቅህ?” አልኩት።

“ያ መዝጋቢ ልጅ በሜትር ሲለካ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አራት ሜትር ከሃያ ሲል... ጥቁሩን እኔ እንደሰበሰብኩት አውቃለሁ።”

“ለምን አልነገርከውም?”

“አልጠየቀኝም።”

“ቢጠይቅህስ?”

ጨርቁን መልሶ አነሣ። “ከሰል ካለ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር፣” አለ።

አሁን ላንተ አንድ ሁለት ነገር ልበልህ። የመጨረሻዋን መስመርህን አይቻታለሁ። “የእኔም ነገር ያው እንደነበረው።” ያን ሁሉ ስለ ድንጋይ ስትጽፍ እጅህ ከባድ ነው፤ እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ ቀለል ብሎሃል። ከሰሉ ባለመኖሩ ደስ ብሎሃል አይደል? እኔ ልጅ ነኝ፤ ግን ፈተና የተሰረዘለት ተማሪ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ሁለተኛ። አባባ ከትልልቅ ፊደል በቀር ማንበብ ካቆመ ቆይቷል። ደብዳቤዎችህን የማነብለት እኔ ነኝ። በሁለቱ ደብዳቤዎችህ ውስጥ ስለ እሱ አንድም ጥያቄ የለም። ስለዚህ እየጨመርኩ ነው የማነብለት። “የአባባ ጉልበት እንዴት ነው? ብርድ አይነካው” ትላለህ። “መቼም አልረሳውም” ትላለህ። በጣም ጥሩ ልጅ ነህ፤ እኔ ሳነብህ።

ምላጭ


የካቲት 24

ለአጎቴ፦

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታውን ከላይኛው ጨምርበት።

ትናንት ስብሰባው ነበር። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ መስኮት ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል። ማይክራፎን አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገረ። በንግግሩ ውስጥ ባቡሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ከዚያ “የመጀመሪያው ፈራሚ!” ብሎ እስክሪብቶውን ለአባባ ዘረጋለት። አባባ እስክሪብቶውን አልተቀበለም። እጁን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘረጋ።

“እሱን ስጠኝ።”

“ይፈርሙና ይናገራሉ፣ ጋሼ...”

“ስጠኝ አልኩህ።”

ሰጠው። ማይክራፎን ማይክራፎኑን ለሰው ሲሰጥ ያየ የለም፤ ሰዉ ያኔ ነው ጸጥ ያለው።

አባባ እንዲህ አለ፦ “ድንጋዩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁት ሳስተካክል ነው። ከሰሉ ስምንት ቦታ ነበር፤ አንድ ቦታ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። አራት ሜትር የሚባል ከሰል የለም። ካወቅሁ ሁለት ወር አልፎኛል፤ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት አልናገርም፤ የቤቴ ነው።”

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። የቁፋሮ ሠራተኛው ተነሥቶ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ መዝጋቢው ወጣት ፊቱ ደም መሰለ። አንዲት ጎረቤታችን ለፋብሪካ ሥራ ልጆቿን አስመዝግባ ነበር፤ ሻርፗን አጣጥፋ ወጣች። ከሁሉ እሷ ናት የከበደችኝ።

ማይክራፎን ወደ ቤት ስንሄድ ደረሰብንና “ጋሼ፣ ባቡር ጣቢያዬን በመጥረጊያ ጠራረጉት!” አለ። እንዲስቅ ፈልጎ መሰለኝ። አባባ መንገዱን ቀጠለ።

የቁፋሮው ኃላፊ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ሳጥኖቹን አየ። በደብተሩ ልክ ድንጋዩን እንደገና ይመልሱታል፤ ከአጠገቡም አንድ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ውጤቱ ካልተለየ ይሄዳሉ። “የአባትየውስ ልጅ?” ብሎ አልጠየቀም። አባባ እንዲጠይቅ በር ላይ ቆሞ ጠብቆት ነበር።

አሁን ሰው ሰላም ሲለው አጭር ነው። መጋዘኑ ውስጥ ወንበር አስገብቶ ይቀመጣል፤ ሳጥኖቹን ግን አይነካም። ወደ አረንጓዴው ክፍልህ ገብቶ አንሶላውን አነሣው። አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እራት ላይ የተቀመጠው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው።

እንግዲህ ከሰል የለም። ቃልህም አብሮ አለቀ። ከአሁን በኋላ ካልመጣህ በራስህ ምክንያት ነው። ያን ምክንያት ደግሞ እኔ ፈጥሬ አላነብለትም።

ምላጭ


ሚያዝያ 3

ለውድ አባቴ፦

ጤናዎን፣ የዓይንዎን ብርሃን፣ የጉልበትዎን ብርታት እመኝልዎታለሁ። ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ አልጨመረችውም።

ስብሰባው ላይ ያደረጉትን ሰማሁ። እኔ በሙያዬ ስሳሳት ብዙ ጊዜ ወረቀቱን በጸጥታ ለውጬ አልፌአለሁ። እርስዎ ሰው ፊት ተናገሩት። ቁጭ ብዬ ሳስበው ዋልሁ።

ስለ ከሰል በር ላይ የተናገርኩት ሰበብ ነበር። መኪናው እየጠበቀኝ ነበር፤ እርስዎ “መቼ ትመለሳለህ?” አሉኝ፤ መልስ ስላልነበረኝ ያን አልኩ። ከሰል ተገኘ ሲባል ፈራሁ። የለም ሲባል እፎይ አልኩ። ምላጭ ልክ ናት፤ እንዳትኮራ ይኼን አታንብቢላቸው ብላት ደስ ባለኝ።

ያልመጣሁት በእናቴ ምክንያት ነው። ባረፈች ጊዜ ቲኬት ነበረኝ። አንድ የጉድጓድ መዝገብ መጨረስ ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ስጨርስ ተቀብራ ነበር። ከተቀበረች ወዲያ መጥቼ ምን ልሆን ብዬ ቀረሁ። በዓመቱ “አሁንማ ምን ብዬ” አልኩ። በሁለተኛው ዓመት የቤታችን በር ከበደኝ። ለሰው የምናገረው ምክንያት አልነበረኝም፤ ስለዚህ ስልክ ላይ ዝም እል ነበር። እርስዎም ዝም ሲሉ የፈረዱብኝ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ሥራዬ ግንቦት ላይ ያልቃል። የመጨረሻዎቹ ሳጥኖች ናቸው የቀሩኝ። ከዚህ የራቀ ሌላ የማዕድን ማውጫ ጠርቶኛል፤ መልስ አልሰጠሁም። ልምጣ እንዳልል ፊት የለኝም፤ አልመጣም እንዳልል ደግሞ እነሆ ጻፍኩ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 21

ለአጎቴ፦

ደህና ሁን። ይኼን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ተቀምጧል፤ በር ሊቆልፍ አልሄደም።

ደብዳቤህን ስከፍት “ምንም ሳትጨምሪ አንብቢልኝ” አለኝ። ደነገጥሁ። “መቼ ጨምሬ አውቃለሁ?” አልኩት። “ልጄ ስለ ጉልበቴ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስለ ጉልበቴ የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ” አለ። ያን ሁሉ ወር አውቆ ነበር ያዳመጠኝ። ይኼን የሚያህል ሽማግሌ አሞኘሁ ብዬ ስኩራራ! አፈርኩ።

እንዳለ አነበብሁለት። ስለ እኔ ያልከውንም ጭምር፤ ኮርቻለሁ። ስጨርስ “እንደገና” አለኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ እጁን ወረቀቱ ላይ አደረገና አቆመኝ።

ከዚያ እኔም እማዬም የማናውቀውን ነገር ነገረኝ። ራሱ እንዳለው ነው የምጽፍልህ።

“በአያትሽ ቀብር ቀን ለሐዘንተኛ ወንበር ከየቤቱ ተውሰን ነበር። የማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋብኝ መጋዘን ገብቼ እየቆጠርኩ እግሩ ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ሰው ሲበዛብኝ፣ እሷ ተገንዛ ስትተኛብኝ፣ ሌላ ምን እንደምሠራ አላወቅሁም። ጥቂት ሲቀረኝ ድምፅ ጠፋ። ስወጣ ግቢው ባዶ ነው። ይዘዋት ሄደዋል። እየሮጥኩ ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። ከሰዉ ኋላ ገብቼ ቆምኩ። ከመጀመሪያው እዚያ የነበርኩ ነው የመሰላቸው። ለማንም አልተናገርኩም።”

 ሻይ ላፍላልህ አልኩት፤ “ተቀመጪና ጻፊ” አለኝ። ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው፤ እሱ ሲናገር እኔ ስጽፍ፦

“ልጄ። ፈርጄብህ አላውቅም። የምፈርድበት ቦታ አልነበረኝም። ስልክ ላይ ዝም የምለው ስለ እናትህ ቀን እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው። አንተ አልነበርክም። እኔም አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ መቃብሯ ድረስ ሄጄ አላውቅም፤ መንገዱን እጀምርና እመለሳለሁ። ብቻዬን አልቻልኩም።”

“ና ብዬ ልጻፍለት?” አልኩት።

“አይ። ያልኩትን ብቻ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም። ቆልፊው።”

ፖስታውን አሸግሁት።

ምላጭ


ግንቦት 9

ለአባቴ፦

ግንቦት 21 ጠዋት እደርሳለሁ። እስከዚያ ብቻዎን አይሂዱ።